ሞት ሳይኖር የተነፋ ጡሩምባ

ሐሙስ፤ መነሻ

ወደ ላስታ የወሰደኝ አንድ ገጽ እንኳ ያልሞላ ደብዳቤ ነው። የጻፈችልኝ ትርንጎ የምትባል የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ስትሆን፣ ቃሏ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ መሣሪያውን ልነቅለው ነው። ለሌሎቹ መንደሮች የጀመርኳቸውንም አልጨርስም። በዚህ ክረምት በእኔ ምክንያት ሰው ሞቷል። የፈረሙበት እርስዎ ስለሆኑ ሳልነግርዎ መንቀል አልፈለግኩም።»

አንባቢ እንዲከተለኝ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የማስተምረው የውሃ ምህንድስና ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የወጣቶች የፈጠራ ውድድር ላይ ከገምጋሚዎቹ አንዷ ነበርሁ፤ ትርንጎም የደራሽ ውሃ ማስጠንቀቂያ ይዛ ቀረበች። የላስታ ጋራዎች ተራቁተዋል። ከላይ የጣለውን ዝናብ የሚይዝ ዛፍም አፈርም ስለሌለ፣ ከታች ያለው ገበሬ ፀሐይ እየሞቀ ሳለ ጎርፍ ይደርስበታል። እሷ ከወንዙ ራስ ላይ በብረት ምሰሶ የሰቀለችው መሣሪያ የውሃውን ከፍታ እየለካ፣ ውሃው ሲያሻቅብ ወደ መንደሩ ስልኮች ሁሉ ይደውላል። ማንበብ የማይችሉ ብዙ ስለሆኑ ጥሪው በራሷ ድምፅ የተቀዳ ነው፦ «ደረቁ መጥቷል! ውጡ!» ደረቁ የወንዙ ስም ነው።

ስለ ባትሪው ጠየቅኋት። ስለ ዝገት፣ ስለ ልኬት ስሕተት፣ በረዶ ቢመታው ስለሚሆነው ጠየቅኋት። ሁሉንም ሳትቸኩል መለሰችልኝ፤ እኔም ከፍተኛውን ነጥብ ሰጠኋት። በሽልማቱ ላሊበላ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ በአባቷ ስም አነስተኛ ድርጅት አቋቁማ፣ ከትምህርት ስትወጣ ለስድስት ሌሎች መንደሮች መሣሪያ ትሠራ ነበር።

ያልጠየቅኋት አንድ ነገር ነበር። ይህ ማስታወሻ ስለዚያ ነው።

አውሮፕላኑ ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር። ከሹምሽሃ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው ድረስ የወሰደኝ ሹፌር አበጀ ይባላል፤ ስምንት መቶ ብር ጠይቆ በስድስት መቶ ተስማማን። ሽቅብ መውጣት እንደ ጀመርን በመስተዋቱ አየኝ።

«ለንግሥ ነው ለጥናት?»

«ለሥራ ነው።»

«ጥናት ነው እንግዲህ» አለ። «እኛን ሊያጠና የመጣው ሰው ሁሉ አንዳንድ ችግኝ ተክሎ ቢሄድ ኖሮ፣ ይኼ ጋራ ይኼኔ ጫካ ነበር።»

ወደ ነአኩቶ ለአብ የሚወስደውን መታጠፊያ አልፈን ስለ ትርንጎ ስጠይቀው ቀልዱን ተወ። «የቄስ ወርቁን ልጅ? ስልኬን የምትጠግንልኝ እሷ ነበረች። አሁን ቤቱን ዘግታዋለች። እጇ ወርቅ ነው፤ ምን ያደርጋል።» 

ዓርብ፤ ከከተማው ወደ መንደሩ

ትርንጎ በጥቁር ሻሽ ተጠምጥማ በር ላይ ጠበቀችኝ። ቀጭን ናት፤ ሰው ስታናግር የምታየው የሰውየውን እጅ ነው። ክፍሏ ውስጥ ስድስት የፕላስቲክ ሣጥኖች ክዳናቸው ሳይገጠም ተደርድረዋል፤ በየአንዳንዳቸው ላይ የመንደር ስም ተለጥፎባቸዋል። የብየዳ ብረቱ ገመዱ ተጠቅልሎ አቧራ ለብሷል።

«ይዘዋቸው ይሂዱ» አለችኝ። «ተማሪዎችዎ ይለማመዱባቸው።»

«መጀመሪያ ቦታውን ልየው።»

«ቦታውማ ምን አለው? ድንጋይ ነው።» ከሣጥኖቹ አንዱን ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገች። «እሑድ የእማማ ስንዱ ሰማንያ ነው። ከተዝካሩ በኋላ ቅሬው ይሰበሰባል። ስለ እኛ ቤት ነው የሚነጋገሩት። ሊለዩን ይችላሉ።»

ቅሬ የወሎ ሰው እድርን የሚጠራበት ስም ነው። ከቅሬ የተለየ ቤት ሰው ሲሞትበት ቀባሪ የለውም፤ ሲያዝን አልቃሽ አይመጣለትም። የቄስ ቤት ከቅሬ ተለይቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። «አልሰማሁም» አለች።

ወደ ገነተ ማርያም በሚሄድ አይሱዙ ላይ ከገበያተኞች ጋር ተጭነን በነፍስ ወከፍ መቶ ብር ከፈልን። ከዚያ ወርደን ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር ሄድን። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ ባቄላው ገና እሸት ነው። ከእርሻዎቹ በላይ ያለው ጋራ ግን እንደ ተላጨ ራስ ነው፤ ነጩ ድንጋይ ወጥቶ፣ ቦረቦሩ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆታል። የድንጋይ እርከን የተሠራበትን ቦታ ሳልፍ ቆሜ ለካሁ። ልማድ ነው። እርከኑ ከመሐሉ ተንዷል።

ትርንጎ ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች። መንደሩ ሲታይ ግን እርምጃዋ ቀነሰ፤ በኋላም ከኋላዬ ሆነች።

ደረቁ

ስሙ እውነተኛ ነው። ስፋቱ ከሠላሳ እርምጃ የማይበልጥ፣ ጠጠርና ቋጥኝ የሞላበት ደረቅ ሸለቆ ነው። ቤተ ክርስቲያኑና የቅሬው ዕቃ ቤት ከወዲህ፣ እርሻው ከወዲያ። ስለዚህ የመንደሩ ሰው በቀን ብዙ ጊዜ ያቋርጠዋል። ወደ ላይ አንድ ጉብታ ይታያል፤ ጫፉ ላይ ጣሪያ የሌለው የድንጋይ ጎጆ አለ።

«ያ የአያ ጌጡ ነበር» አለች። «ከሳቸው በፊት የአባታቸው።»

ከሰኔ እስከ መስከረም አያ ጌጡ እዚያ ጎጆ ይቀመጡ ነበር። ከላይ ሲጠቁር ወንዙን ያያሉ፤ ደፍርሶ ሲመጣ ጅራፋቸውን ሦስት ጊዜ ያጮሃሉ። ጅራፍ እንደ ጥይት ነው፤ ድምፁ ገደል ለገደል ይሄዳል። ሕፃን እንኳ ሳይቀር ከወንዙ ይወጣል። ለዚህም እህል ሲወቃ እያንዳንዱ ቤት አንድ ቁና ገብስ ይሰጣቸዋል።

የትርንጎ መሣሪያ የመጀመሪያውን ክረምት ሁለት ጊዜ ደውሎ ሁለቱንም ጊዜ አልተሳሳተም። በዚያው ዓመት ቅሬው ተሰብስቦ፣ ጠባቂም ቁናም ከእንግዲህ ይቅር ብሎ ወሰነ። እኔም ይህን በግምገማ ቅጼ ላይ፣ ጥቅም በሚለው ረድፍ ሥር፣ «የጥበቃን ጉልበት ያስቀራል» ብዬ ጽፌዋለሁ።

ባለፈው ሐምሌ ኔትወርክ ተቋረጠ።

«መቋረጡን ታውቂ ነበር?» አልኋት።

«ሁሉም ያውቅ ነበር። ጎርፉ የመጣ ዕለት ስምንተኛ ቀኑ ነበር። ቀበሌ ሄደን ጠይቀናል፤ ገበያ ላይ ተሳድበናል። ግን እንግዲያው ጠባቂ እናውጣ ያለ አንድም ሰው የለም። እኔም አላልኩም። መሣሪያው እኮ ደኅና ነበር።»

በዚያ ቀን ትርንጎ ለእረፍት አባቷ ቤት ነበረች። መሣሪያው ከጥሪው ሌላ አንዲት ቀይ መብራት ያበራል፤ ለሙከራ ብላ በሬዲዮ ከቤታቸው ግድግዳ ጋር ያገናኘቻት ናት። ከቀትር በኋላ መብራቷ በራች። መንደሩ ላይ ፀሐይ ነበር። ወደ ወንዙ ሮጠች፤ ጮኸች። ከማዶ ሰዎች እያረሙ ነበር፤ ሁለቱ ወደ ወዲህ ሊሻገሩ ተነሥተዋል። ነፋሱ ወደ እሷ ነበርና አልሰሟትም።

«የሚጮህ ነገር ፈለግኩ» አለችኝ። «የቅሬው ዕቃ ቤት ክፍት ነበር። ጡሩምባው ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። አወረድኩና ነፋሁት።»

እዚህ አገር ጡሩምባ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚናገረው፤ ሰው ሞቷል፣ ኑ። የሰማ ሁሉ ማጭዱን ይጥላል፣ ሞፈሩን ይተዋል፣ ወደ ድምፁ ይመጣል። የቀረ ይቀጣል። ትርንጎ ነፋች፤ ማዶ የነበሩት ሰዎች ቀና አሉ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ከዚያም ሁሉም ወደ እሷ፣ ወደ ደረቁ፣ መጡ።

«ሲመጡ እያየሁ» አለች፤ «አልገባቸውም ብዬ አጠንክሬ ነፋሁት።»

ከዚህ በላይ አልጠየቅኋትም። አብዛኞቹ ውሃውን አይተው ተመለሱ። የቀደሙት ግን መሐል ነበሩ፤ ሦስቱ በቋጥኝ ላይ ተርፈዋል። ወይዘሮ ስንዱ፣ የአያ ጌጡ ባለቤት፣ አልተረፉም። ለለቅሶ ሁልጊዜ ከሰው ቀድመው የሚደርሱ ሴት ነበሩ ይባላል።

ወደ ወንዙ ራስ ስንደርስ ምሰሶው ላይ ወጥታ የመሣሪያውን ሜሞሪ አወጣችልኝ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በኮምፒውተሬ ከፈትሁት። ልኬቱ እንከን የለውም። የውሃው ከፍታ በየደቂቃው ተመዝግቧል። ከሥሩ «ጥሪው አልደረሰም» የሚል መሥመር ይደጋገማል፤ ቀን ያልፋል፤ ገጹን ባወርደው ባወርደው አያልቅም።

ቅዳሜ፤ አያ ጌጡ ቤት

ያደርሁት ቄስ ወርቁ ቤት ነው። ቄሱ የሚናገሩት ጥቂት ነው። ራት ላይ፣ በገብስ ቂጣና በሽሮ፣ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፦ «ልጄ ያጠፋችው መሥራቷ ነው ወይስ መንፋቷ? አንቱ የተማሩ ነዎት፤ ይፍረዱኝ።» 

ጠዋት ወደ አያ ጌጡ ስሄድ ትርንጎ እስከ አጥራቸው ተከትላኝ መጥታ ቆመች። እሳቸው ከደጃፍ ተቀምጠው የቀንበር ማነቆ ያበጃሉ። ጅራፉ ከበራፉ በላይ ተሰቅሏል። ጠላ አቀረቡልኝና ራሳቸው አልጠጡም።

«ያቺ ልጅ ከውጭ ቆማለች፣ አይደል?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«ቆማለች።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። እንጨት ታወርድና ትሄዳለች። ግቢም አልላት፤ ሂጂም አልላት።»

የአገሩ ሰው እንግዳን ስለመጣበት ጉዳይ ቸኩሎ አይጠይቅም። ስለ ገብሱ፣ ስለ መንገዱ ተነጋገርን። ቀጥሎ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

«ሁለታችንም ነበር የሰማነው። እሷ፣ ማን ይሆን፣ ማን ይሆን እያለች ሮጠች። እኔ በሬዎቹን ልፍታ ብዬ ዘገየሁ። በሬ ፈታሁ እኔ!» ማነቆውን አስቀመጡት። «ከቀበርናት በዐሥራ አንደኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። ስልካችን አንድ ነው፤ የሷም የኔም። አነሣሁት። ደረቁ መጥቷል፣ ውጡ አለኝ፤ በዚያች ልጅ ድምፅ።»

ኔትወርኩ የተመለሰው በዚያ ቀን ነበር። መሣሪያው ያላደረሰውን ጥሪ ሁሉ አደረሰ። የመንደሩ ስልኮች በሙሉ በአንድ ጊዜ ጮኹ።

«ምን አደረጉ?» አልኋቸው።

«ወጣሁ። ምን ላድርግ? ውጣ አለኝ፣ ወጣሁ። ሄጄ ደረቁን አየሁት።» እጃቸውን ዘረጉ። «ደረቅ ነው።»

እሑድ፤ ሰማንያ

ቅዳሴው አልቆ፣ የተዝካሩ ምግብ ተነሥቶ፣ ቅሬው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ከዕቃ ቤቱ አጠገብ ተቀመጠ። ጡሩምባው ተመልሶ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ትርንጎና አባቷ ከሰው ተለይተው ቆሙ።

የቅሬው ዳኛ አቶ ሲሳይ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሰው ናቸው። «ደንባችን ግልጥ ነው» አሉ። «ሞት ሳይኖር ጡሩምባ የነፋ ከቅሬ ይለያል። አባቶቻችን ይህን ያወጡት ለቀልድ አይደለም። ዛሬ ብንተወው ነገ ማን ጡሩምባ ሰምቶ ይመጣል?»

«ሞት አልነበረም እንዴ?» አለ ከኋላ አንድ ሰው፣ ቀስ ብሎ። ማንም አልዞረም።

አንዲት ሴት ብረቱ ይነቀል፣ ሰው የሞተው በእሱ ነው አሉ። ሌላው፣ የተነቀለ እንደሆነ በሚቀጥለው ክረምት ማን ያስጥለናል ብሎ ተከራከረ። ትርንጎ «እኔ እነቅለዋለሁ፤ አባቴን ብቻ አትለዩብኝ» አለች። ድምፅዋ በስልኩ ላይ የተቀዳውን ይመስላል፤ ጥቂት ሰዎች መሬት መሬት አዩ።

በስብሰባ መናገር አልወድም። ይሁንና ዳኛውን አስፈቅጄ ተነሣሁ። መሣሪያውን የመረመርሁት እኔ መሆኔን፣ ጠባቂ መቅረቱንም በወረቀት ላይ ጥቅም ብዬ የጻፍሁት እኔ መሆኔን ነገርኋቸው። «ስለ ብረቱ ሁሉንም ጠየቅሁ» አልኋቸው። «ኔትወርክ ሲጠፋ ማን ይጠብቃችኋል ብዬ ግን አልጠየቅሁም። ያን ጊዜ እሷ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

አቶ ሲሳይ ወደ እኔ ዞሩ። «ጥሩ» አሉ። «አንቱንስ ከየትኛው ቅሬ እንለይዎ?»

ጥቂት ሰዎች ሣቁ። እኔም የሚገባኝ መሆኑን ስላወቅሁ ተቀመጥሁ።

አያ ጌጡ ዱላቸውን ተደግፈው ሲነሡ ሣቁ ጸጥ አለ።

«ጡሩምባውን የነፋች እሷ ናት» አሉ። «ጅራፉን ያወረድን ግን እኛ ነን፤ እዚሁ፣ እጃችንን አውጥተን። አንቱም አውጥተዋል፣ አቶ ሲሳይ። እኔም አውጥቻለሁ። ጉልበቴን ያመኝ ነበር፤ ተገላገልሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነው ያወጣሁት። ስምንት ቀን ሙሉ ስልኩ ሲሞት፣ ሂድ ጉብታው ላይ ውጣ ያለኝ የለም፤ እኔም አልወጣሁ። ቁናው ቀርቷል አልሁ። ይኸውላችሁ።»

ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ስንዱ የሞተችው ለቅሶ ልትደርስ ስትሄድ ነው። እናንተ ደግሞ በስንዱ ሰማንያ አንድ ቤት ለቅሶ ደራሽ ይጣ ትላላችሁ? እኔን ይቅር ብሏታል አትበሉኝ። አልወጣልኝም። ወደፊትም እንጃ። ግን ሰኔ ሲገባ ያ ጎጆ ሰው ይኑርበት። ጉልበቴ አያወጣኝም። እሷ ትውጣ። ብረቷም እዚያው ይቁም፤ ሁለቱ ይጠባበቁ።»

ክርክሩ ከዚያ በኋላም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቀጠለ፤ ሁሉን አልጽፈውም። በመጨረሻ የቄስ ወርቁ ቤት ከቅሬው እንዳይለይ ተወሰነ። ክረምቱን ትርንጎ ጉብታው ላይ ትጠብቃለች፤ ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ሰሞን ሌሎች በተራ ይተኳታል። ቁናውም ይመለሳል። ሰው ሲበተን ያጨበጨበም፣ የተቃቀፈም የለም። ሦስት አራት ሴቶች ትርንጎን ሳያዩ በአጠገቧ አለፉ።

ሰኞ፤ መመለሻ

ለመንገድ ስነሣ ከደረቁ ዳር አንድ ድምፅ ሰማሁ። አያ ጌጡ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ትርንጎ ጅራፉን ይዛ ቆማለች። ስትወረውረው ተመልሶ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። ቀይ ሰንበር አወጣ።

«እንደገና» አሉ።

ሁለተኛው ሳይጮህ ወደቀ። ሦስተኛው ትንሽ ፈነዳ።

«እንደገና።»

ደኅና ሁኑ ብዬ ስሰናበት ትርንጎ እያለከለከች መጣች። «ስድስቱን ሣጥኖች አይውሰዷቸው» አለችኝ። «ግን መንደሮቹ መጀመሪያ ጠባቂያቸውን ስም ጠርተው ይጻፉልኝ። ሰው ያልሰየመ መንደር መሣሪያ አልሰጥም።»

«ገበያሽን ታጫለሽ።»

«ይታጣ» አለች፤ ወደ ሽማግሌውም ተመለሰች። ገነተ ማርያም እስክደርስ የጅራፉ ድምፅ በጆሮዬ ነበር፤ እውነት ይሁን ምኞቴ አላረጋገጥሁም።

አዲስ አበባ ገብቼ የመጀመሪያ ሥራዬ የግምገማ ቅጹን መክፈት ነበር። «ያስቀራል» የሚለውን መሥመር ሰርዤ አንድ ጥያቄ ጨመርሁ፦ «ይህ መሣሪያ ሥራውን የሚነጥቀው ማንን ነው? መሣሪያው ዝም ሲል ያ ሰው የት ይገኛል?» ጥያቄው ለቅጹ ቋንቋ እንደማይስማማ ባልደረቦቼ ነግረውኛል። አልለወጥሁትም።

በማግስቱ ማለዳ የሰፈራችን እድር ጡሩምባ ተነፋ። ለብዙ ዓመታት ሰምቼዋለሁ፤ የሟቹን ስም ለይቼ ወደ ሥራዬ መመለስ ልማዴ ነበር። በዚያ ጠዋት ግን ወደ መስኮቱ ሄድሁ። በሮች ይከፈታሉ። ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ወንዶች ጋቢያቸውን እየደረቡ ይወጣሉ። መንገዱን ቀና ብሎ ያየ፣ ምን መጣ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም ወደ ድምፁ ይሄዳሉ።

ነጠላዬን አነሣሁና ተከተልኋቸው።